የአባቴ እስክስታና ጥቁሩ ስክሪን

የፋሲካ ዕለት ነው። እማዬ ከደብረ ብርሃን መጥታለች። ዶሮው ተበልቷል፣ ቡናው ከአቦል ወደ ቶና አልፏል፣ ሳሎኑ በዘመድ ሞልቷል። «እስኪ የሠርጋችሁን ቪዲዮ ክፈትልን» አለችኝ። በ1997 ዓ.ም. የተቀረጸ ነው። ያኔ በሦስት ዲቪዲ ነበር የተሰጠን፤ ዲስኮቹ ሳይበላሹ ወደ ኮምፒውተር ገልብጬዋለሁ። ከፈትኩት። ሙሽራው (እኔ ነኝ፤ ያኔ ፀጉር ነበረኝ) ከመኪናው ሊወርድ አንድ እግሩን እንዳወጣ መብራት ሄደ።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ መጣ። ልጆቹ እንደ ልማዳቸው «መጣ!» ብለው ጮኹ። ቲቪውን በሪሞት አበራሁት። ጥቁር። «ኖ ሲግናል» የምትል ጽሑፍ ብቻ ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ትንሳፈፋለች።

ይቺን ጽሑፍ ከዚያ በፊትም አውቃታለሁ። በወር ሁለት ሦስቴ ትመጣብኛለች። ኬብሉን ነቅዬ እሰካለሁ፣ ኮምፒውተሩን አጥፍቼ አበራለሁ። አንዳንዴ ይመጣል፣ አንዳንዴ እምቢ ይላል። ለምን እንደሚመጣ አላውቅም፤ ከመጣ ግን አልመራመርም። የዚያን ዕለት ግን አሥራ አምስት ሰው ከኋላዬ ተቀምጦ ይመክረኛል። አንዱ «ኬብሉ ነው» ይላል። ሌላው «ቲቪው ነው፤ የእኛም እንዲህ አድርጎ ነው የሞተው» ይላል። የባለቤቴ ወንድም «ቀዳዳውን እፍ በልበት» አለኝ። አልኩበት። ምንም። በመጨረሻ ዲሹን ከፈትንላቸውና ሠርጉ ቀረ።

ስለ ዕቃው ልንገራችሁ። ኮምፒውተሩ ያገለገለ የቢሮ ኮምፒውተር ነው፤ መገናኛ ነው የገዛሁት። ቀጭን ስለሆነ ከቴሌቪዥኑ ሥር ተጋድሞ ይገባል። አራተኛ ትውልድ ኮር አይ 5፣ 8 ጊጋ ራም። ጎኑ ላይ የቀድሞ መሥሪያ ቤቱ የንብረት ቁጥር እንደተለጠፈ ነው። የሒሳብ ሠራተኛ ነኝና ከመዝገብ መሰረዙን ሳላረጋግጥ መላጥ ከበደኝ። ሊብሬኤሌክ ጭኜበታለሁ። ኮዲ የሚባለውን የፊልምና የሙዚቃ ማጫወቻ ብቻ ለማስኬድ የተሠራ ትንሽ ሊኑክስ (በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫን) ነው፣ በነፃ ይገኛል። ፊልሙ፣ መዝሙሩ፣ የልጆቹ ክርስትና፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ ነው።

እንዲህ ያሉ የቢሮ ኮምፒውተሮች ብዙዎቹ ኤችዲኤምአይ የሚባለው፣ የዛሬ ቲቪዎች ምስልና ድምፅ የሚቀበሉበት ዓይነት መውጫ የላቸውም። የእኔው ሁለት ዲስፕሌይፖርትና አንድ ቪጂኤ ነው ያለው። ሻጩ «ችግር የለም፣ አዳፕተር አለ» ብሎ አንዲት ጥቁር አዳፕተር መረቀልኝ። ርካሾቹ አዳፕተሮች ብዙ ሥራ አይሠሩም። ሲግናሉን ወደ ኤችዲኤምአይ የሚቀይረው ኮምፒውተሩ ራሱ ነው፤ እነሱ ቮልቴጁንና መሰኪያውን ነው የሚያስተካክሉት። ስለዚህ ፎርኬ (በጣም ከፍተኛ ጥራት ያለው) ቲቪ ላይ ቢበዛ በሰከንድ 30 ምስል ነው የሚያሳልፉት። የማውሱ ቀስት ስትጎትቱት ወደ ኋላ ይቀራል። 60 የሚፈልግ ሰው «አክቲቭ» የሚባለውን፣ ወደድ ያለውን ይግዛ። እኔ ጥራቱን ከፎርኬ ወደ 1080 አውርጄው ተገላገልኩ። ያለኝ ፊልም ሁሉ ከዚያ አያልፍም።

ማታ እንግዳው ሲሸኝ ቁጭ አልኩ። ቢሮ ውስጥ ሒሳብ አልገጥም ሲል ሁሉንም አንዴ አልነካካም። አንዱን አጣርቼ ምልክት አደርግበትና ወደሚቀጥለው እሄዳለሁ። ቤቴ ላይ ለምን እንዲህ አድርጌ እንደማላውቅ እንጃ።

መጀመሪያ ኬብሉን ከኮምፒውተሩ ነቅዬ ሪሲቨሩ ላይ ሰካሁት። ያው ኬብል፣ ያው የቲቪ ቀዳዳ። ምስሉ መጣ። እንግዲህ ኬብሉም ቲቪውም ደህና ናቸው። ሁለት ጊዜ አዲስ ኬብል የገዛሁት በከንቱ ነበር ማለት ነው። ቀጥሎ ኮምፒውተሩ በሕይወት አለ ወይ የሚለውን አየሁ። ስልኬ ላይ ኮዲን የሚያዝ አፕ አለኝ። ከፈትኩት፤ ወዲያው ተገናኘ። ሠርጉን ከስልኬ አስጀመርኩት። ሰከንዱ መቁጠር ጀመረ። ኮምፒውተሩ ማንም የማያየው ሠርግ ደግሶ ተቀምጧል።

ሁለቱም ደህና ናቸው፣ ግን አልተዋወቁም። ያኔ ነው ቅደም ተከተሉ ትዝ ያለኝ። ኮምፒውተሩን አጠፋሁ፣ ቲቪውን አስቀድሜ አበራሁ፣ ከዚያ ኮምፒውተሩን። መጣ። አሁን ደግሞ በተቃራኒው፦ ኮምፒውተሩን አስቀድሜ፣ ቲቪውን አስከትዬ። ጥቁር። አራት አራት ጊዜ ደገምኩት። አንድም ጊዜ አልተሳሳተም። ባለቤቴ ከመኝታ ቤት «ምን እያደረግክ ነው?» አለች። «እያበራሁ እያጠፋሁ ነው» አልኳት። ሌላ ምን ይባላል።

ጥፋቱ የራሴ ነበር። ኮምፒውተሩን የገዛሁ ሰሞን ባዮስ (የኮምፒውተሩ መሠረታዊ መቼት) ውስጥ ገብቼ «መብራት ጠፍቶ ሲመጣ በራስህ ተነሳ» የሚለውን አብርቼው ነበር። ማንም አጎንብሶ ቁልፍ እንዳይጫን ብዬ ነው። ስለዚህ መብራት ሲመጣ ኮምፒውተሩ ወዲያው ይነሳል። ቲቪው ግን ቀይ መብራቱን ይዞ እንደተኛ ነው፤ ሰው በሪሞት እስኪቀሰቅሰው ይጠብቃል። ኮምፒውተሩ ተነስቶ «ማነው እዚያ?» ይላል። መልስ የለም። ሰው የለም ብሎ መውጫውን ይዘጋል። እኛ ቡናችንን ጨርሰን ሪሞቱን ስንጫን ጊዜው አልፏል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኤችዲኤምአይ መሰኪያ ውስጥ 19 እግሮች አሉ። 18ኛው ላይ ኮምፒውተሩ 5 ቮልት ወደ ቲቪው ይልካል። ቲቪው በ19ኛው «አለሁ» ብሎ ይመልሳል። ከዚያ ኮምፒውተሩ በ15ኛውና በ16ኛው በኩል ኢዲአይዲ የሚባል ነገር ያነባል። ኢዲአይዲ ማለት የቲቪው የቀበሌ መታወቂያ ነው በሉት። ማን እንደሠራው፣ የትኛው ሳምንትና ዓመት እንደተሠራ፣ ቁመትና ወርዱ በሴንቲ ሜትር ስንት እንደሆነ፣ የትኞቹን የምስል መጠኖች እንደሚቀበል ተጽፎበታል። አብዛኛውን ጊዜ 256 ባይት ብቻ ነው። በእኛ ፊደል 256 ባይት 85 ፊደል ነው፤ አንድ ፊደላችን ኮምፒውተር ውስጥ 3 ባይት ይይዛልና። ይቺን የምታህል ጽሑፍ ስላልተነበበች ነው አሥራ አምስት ሰው ሠርግ የቀረበት።

መፍትሔው የመታወቂያውን ፎቶ ኮፒ ኮምፒውተሩ ጋ ማስቀመጥ ነው። ቲቪው በርቶ፣ ምስሉ መጥቶ ሳለ፣ ኢዲአይዲውን በፋይል ትገለብጡታላችሁ። ከዚያ በኋላ ኮምፒውተሩ ሲነሳ ቲቪው መለሰም አልመለሰም ከፋይሉ ያነብና ምስሉን ይልካል። ሊብሬኤሌክ ለዚህ ራሱን የቻለ ትእዛዝ አለው። ከላፕቶፕ በኤስኤስኤች (በኔትወርክ ሌላ ኮምፒውተርን በጽሑፍ ማዘዣ መንገድ ነው) ገብታችሁ በእንግሊዝኛ ፊደል «ጌትኢዲአይዲ» ብላችሁ፣ ክፍተት፣ «ክሪኤት» ትላላችሁ። ከዚያ ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ማብራት ነው። ቲቪ የለወጣችሁ ቀን ግን በ«ክሪኤት» ፈንታ «ዲሊት» ብላችሁ አጥፉት። አለበለዚያ በሟች መታወቂያ ባንክ እንደሄደ ሰው ትሆናላችሁ።

ፋይሉን በላፕቶፕ ከፍቼ ሳነበው ደግሞ ሌላ ጉድ አገኘሁ። ቲቪውን የሸጠልኝ ልጅ «የዘንድሮ ነው፣ ገና መግባቱ ነው» ብሎ ምሎልኝ ነበር። መታወቂያው ግን ከገዛሁበት ሁለት ዓመት አስቀድሞ እንደተወለደ ይናገራል። ያገለገለ ቲቪ ልትገዙ ከሆነ ይሄን ማየት አይከፋም።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ኬብሉን ስነቅልና ስሰካ አንድ እጄ የኮምፒውተሩን ብረት ነካ፣ ሌላው የዲሹን ኬብል ጫፍ። ነዘረኝ። ብዙ አይደለም፣ ግን ክንዴን አንዘፈዘፈኝ። በማግሥቱ ኤሌክትሪክ የሚሠራ ጎረቤቴ በቴስተር ለካው። በኮምፒውተሩ ብረትና በዲሹ ኬብል መካከል 100 ቮልት ገደማ አለ። «ጋሼ፣ ሶኬትህ ባለ ሦስት ነው፣ ከጀርባው ግን ምድር ሽቦ የለውም» አለኝ። የኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ ውስጥ ረብሻን የሚያጣሩ ትንንሽ ካፓሲተሮች አሉ። ጥቂት ኤሌክትሪክ ወደ ብረቱ ያፈሳሉ፣ እሱም በምድር ሽቦ መውረድ አለበት። መውረጃ ሲያጣ ብረቱ የ220 ግማሽ ያህል ይዞ ይቀመጣል። አብዛኛውን ጊዜ ሰው አይገድልም፤ የኤችዲኤምአይ ቀዳዳን ግን ሊገድል ይችላል። ከእኔ ቲቪ አንደኛው ቀዳዳ ሞቷል፤ በዚህ ነው ብዬ እጠረጥራለሁ። አሁን ኤችዲኤምአይ ከመስካቴ በፊት ዲቫይደሩን ከግድግዳ እነቅላለሁ፣ የዲሹንም ኬብል እፈታለሁ። ምድር ሽቦውን ጎረቤቴ እሠራልሃለሁ ብሏል። እየጠበቅኩት ነው።

ሰኞ ማታ ሠርጉን እንደገና ከፈትኩ። እማዬ መነጽሯን አድርጋ ተጠጋች። አባቴ (ነፍሱን ይማረው) እስክስታ የሚወርድበት ቦታ አለ፤ እሱን ነው የምትጠብቀው። ደረሰ። ትንሽ አይታ ዞር አለችብኝ።

«አባትህ እንዲህ አይደለም የሚጨፍረው።»

«እንዴት?»

«ትከሻው ይደናቀፋል። ያኔ አሞት ነበር እንዴ?»

አላመመውም። እኔ ግን ያንን ቪዲዮ ስንትና ስንት ጊዜ አይቼው አንድም ቀን አላስተዋልኩም። እሷ ካለችኝ በኋላ ማየት ጀመርኩ። ትከሻው እኩል አይወርድም፤ ሄድ ይላል፣ ያዝ ይላል። በዚያ ላይ የጋቢው ጠርዝ ሲንቀሳቀስ የሚዶ ጥርስ ይሠራል። የቪዲዮው ጥራት ነው፣ ድሮ ስለሆነ ነው ልል ነበር። ግን ያንኑ ጭፈራ ከዋሽንግተን የመጣው አጎቴም በራሱ ካሜራ ቀርጾታል። እሱን ከፈትኩት። አባቴ እንደ ውሃ ይፈሳል።

የእኛ ቪዲዮ አንሺና የአጎቴ ካሜራ ልዩነት የመብራት ጉዳይ ነው። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ 50 ሄርዝ ነው፣ የአሜሪካ 60። ቴሌቪዥን ሲጀመር የምስሉ ፍጥነት ከየአገሩ ኤሌክትሪክ ጋር እንዲሄድ ተደርጎ ነበር የተሠራው። ስለዚህ እዚህ በሰከንድ 25 ምስል ተለመደ፣ እዚያ 30 ገደማ። የእኔ ኮምፒውተር ደግሞ ሁሉንም በ60 ነው የሚያሳየው። 30 ለ60 ይመቻል፤ እያንዳንዱን ምስል ሁለት ሁለት ጊዜ ያሳያል። 60 ግን ለ25 እኩል አይካፈልም። ከአምስት ምስል ሦስቱን ሁለት ሁለት ጊዜ፣ ሁለቱን ሦስት ሦስት ጊዜ ማሳየት ግድ ይሆንበታል። ሰው ሲያወራ ይሄ አይታይም። ሜዳ ላይ የሚሮጥ ኳስ ላይ ትንሽ ይታያል። እስክስታ ላይ ግን ሌላ ነው። እስክስታ ማለት እኮ እኩል ጊዜ ነው። አንዱ ትከሻ ሁለት፣ አንዱ ሦስት ከተቆጠረ ጨፋሪው ከበሮውን ስቷል ማለት ነው። እማዬ ያየችው ይሄን ነው።

ኮዲ መቼቶች ውስጥ፣ ማጫወቻ ከሚለው ሥር፣ የስክሪኑን ፍጥነት ከቪዲዮው ጋር እንዲያስማማ የሚያደርግ ምርጫ አለ። ስጭነው ጠፍቶ ነበር፣ እኔም ነክቼው አላውቅም። አበራሁት። አሁን የአገር ቤት ቪዲዮ ሲከፈት ቲቪው ወደ 50 ይሄዳል፣ የአጎቴ ሲከፈት ወደ 60፣ የሲኒማ ፊልም ሲሆን ወደ 24። በሚቀያየርበት ጊዜ ስክሪኑ ለሁለት ሰከንድ ያህል ይጠቁራል። መጀመሪያ ሲጠቁር እማዬ «ደግሞ ሄደ!» ብላ ጭኗን መታች።

የሚዶው ጥርስ ሌላ ነገር ነው። የድሮ ቪዲዮ አንዱን ምስል በሁለት ግማሽ ነው የሚይዘው፤ መጀመሪያ ጎዶሎ ቁጥር መስመሮቹን፣ ከዚያ ከሰከንድ አንድ ሃምሳኛ በኋላ ሙሉ ቁጥሮቹን። በዚያች ቅጽበት ትከሻው ቦታ ቀይሯል። ሁለቱን ግማሾች አንድ ላይ ስትደርቧቸው ጠርዙ ይሰነጣጠቃል። ቪዲዮው እየሄደ ሳለ ከምስል ማስተካከያው «ዲኢንተርሌስ» የሚለውን ማብራት ነው። አበራሁትና ወደ መጀመሪያው መለስኩላት። አባቴ ወረደ። እማዬ ምንም አላለችም። ሪሞቱን ከእጄ ወስዳ ራሷ ወደ ኋላ መለሰችው።

ሌላም ጥቃቅን ነገር ነበር፤ ቶሎ ልበለው። የመልስ ዕለት የለበስነው ጥቁር ካባ ግራጫ ሆኖ ይታይ ነበር። ይሄ የሚሆነው ኮምፒውተሩ ጥቁርን 16 ብሎ ሲልክ ቲቪው ደግሞ ጥቁር ማለት 0 ነው ብሎ ሲጠብቅ ነው። ሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት መምረጥ ነው፤ የትኛውም ይሁን፣ ብቻ ይስማሙ። የኮዲ ሰዓት ደግሞ ከላይ በኩል ግማሹ ተቆርጦ ነበር። ቲቪው የምስሉን ዳር ዳር ቆርጦ ያሳያል፤ የድሮዎቹ ባለ ቱቦ ቴሌቪዥኖች ልማድ ነው፣ ለምን እስከ ዛሬ እንደተሸከሙት አይገባኝም። በሪሞቱ የምስል ስፋት ውስጥ «ስክሪን ፊት» ወይም «ጀስት ስካን» የሚል ነገር ፈልጉ። የእኔ አራተኛ ማውጫ ውስጥ ተቀብሮ ነበር።

ከዚያ ወዲህ መብራት ስንት ጊዜ ሄዶ እንደመጣ አልቆጠርኩም። ሪሞት ሲጫኑ ምስሉ አለ። ድምፁ ከምስሉ ቅንጣት ታህል ዘግይቶ ይመጣል፤ እሱን ሌላ ቀን አየዋለሁ።

እማዬ ወደ ደብረ ብርሃን ስትመለስ ሠርጉን በፍላሽ ገልብጬ ሰጠኋት። እሷ ጋ ያለው ተራ ቲቪ ነው፤ ኮምፒውተር የለ፣ አዳፕተር የለ። ባለፈው እሑድ ደወለች።

«ፍላሹን ሰካሁት።»

«እሺ፣ መጣ?»

«መጣ እንጂ። አባትህም ደህና ነው የሚጨፍረው።» ትንሽ ዝም አለች። «እኔ ምልህ፣ አንተ ያን ሁሉ ሳጥን የደረደርከው ለምንድን ነው?»